«ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን»ን በአማርኛ ልናነብ ነው፤ የትኛውን የቴሌቪዥን ቅጂ እንይ? የሰካራሙን ትዕይንትስ እንቁረጠው?

መምህርት ከሽምብጥ

ጤና ይስጥልን። ባሕር ዳር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከመደበኛው ትምህርት ውጭ የምንገናኝበት የንባብ ክበብ አለን፤ አብዛኞቹ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ጥቂት ወላጆችም አብረውን ያነባሉ። ለዚህ ክረምት የመረጥነው የሎሬይን ሃንስበሪን «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» የተሰኘ ተውኔት ነው። ወደ አማርኛ መልሰን ጨርሰናል። ጽሑፉን በእጃችን ይዘን በወላጆችና በጎረቤት ፊት እናነበዋለን እንጂ እንደ ሙሉ ትያትር አንሠራውም፤ መጋረጃም የመድረክ ልብስም የለንም። ያለን አንድ የመማሪያ ክፍል፣ ጠረጴዛና ወንበር ነው።

ተውኔቱን ላላነበበ ሰው፦ በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል በአንድ ጠባብ ቤት ተጨናንቆ የሚኖር የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ ታሪክ ነው። መጸዳጃ ቤቱን ከጎረቤት ጋር ይጋራሉ፤ ትንሹ ትራቪስ የሚተኛው ሳሎን ውስጥ ነው። አባትየው ሞተዋል፤ የሕይወት መድናቸው 10,000 ዶላር በፖስታ ሊመጣ ነው። እናትየዋ ሊና ያንገር ቤት መግዛት ይፈልጋሉ። የሀብታም ሰው ሾፌር የሆነው ልጃቸው ዋልተር ሊ ከጓደኞቹ ጋር የመጠጥ መሸጫ ሱቅ ሊከፍት ያስባል። እህቱ ቤኒታ ሕክምና ልታጠና ትፈልጋለች። እናት 3,500 ዶላር ለቤት ቀብድ ይከፍላሉ፤ ቤቱ ያለው ግን ነጮች ብቻ በሚኖሩበት ሠፈር ነው። የቀረውን 6,500 ለዋልተር ይሰጡታል፤ 3,000ው ለእህቱ ትምህርት ባንክ እንዲገባ አደራ ብለው። እርሱ አደራውንም የራሱንም ድርሻ ለሱቁ ሸሪኩ ለዊሊ ሃሪስ ያስረክባል፤ ዊሊ ሃሪስም ይዞት ይጠፋል።

አንደኛው ጥያቄዬ ስለ ቅጂዎቹ ነው። ልጆቹ የቤቱን ጥበትና የሰዎቹን አነጋገር በዓይንና በጆሮ አግኝተው ቢያነቡ እመርጣለሁ። በፍላሽ ያገኘኋቸው ሦስት ናቸው፦ የ1961ዱ ፊልም፣ የ1989ኙ የቴሌቪዥን ሥራና የ2008ቱ የቴሌቪዥን ፊልም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሦስቱንም ማሳየት አልችልም። መብራት ይቆራረጣል፤ ልጆቹም የከሰዓቱ ዝናብ ሳይጠና ወደየቤታቸው መግባት አለባቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። በሁለተኛው ገቢር መጀመሪያ ቤኒታ ናይጄሪያዊው አሳጋይ ያመጣላትን ልብስ ለብሳ በሸክላ ሙዚቃ ስትጨፍር ዋልተር ሰክሮ ይገባል። ገና ከበሩ «ኢትዮጵያ እጆቿን ትዘረጋለች» እያለ ይጮኻል፤ ከዚያም ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ የጦር አለቃ ይሆናል። አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ «የዳዊትን ቃል በሰካራም አፍ? ይህ በእኛ ሰው ፊት አይነበብም» አሉ። ልጆቹ ደግሞ ፍርሃታቸው ሌላ ነው፤ ታዳሚው በሳቅ ፈርሶ ወደ ቁም ነገሩ አይመለስልንም ይላሉ። እኔ ትዕይንቱን እወደዋለሁ፤ ለምን እንደምወደው ግን ለእርሳቸው በሚገባ ማስረዳት አልቻልኩም። ልምድ ያላችሁ እርዱኝ።

ከፔዳ ግቢ

እኔ የ2008ቱን እመክራለሁ። ኬኒ ሊየን በ2004 በኒው ዮርኩ የትያትር ማዕከል በብሮድዌይ ያዘጋጀውን ትያትር ነው ከዋና ዋና ተዋንያኑ ጋር ወደ ቴሌቪዥን ያመጣው፤ በኤ.ቢ.ሲ. ጣቢያ ተላልፏል። እናትየዋን የምትጫወተው ፊሊሺያ ራሻድ በመድረኩ ሥራ የብሮድዌይን ትልቅ ሽልማት፣ ቶኒን፣ ወስዳለች፤ በተውኔት ዘርፍ የዋና ተዋናይትነቱን ቶኒ በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ዋልተርን የሚጫወተው ሙዚቀኛው ሾን ኮምብስ ከሴቶቹ አጠገብ ሲቆም ያንሳል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ካሜራው ወደ ጎዳናና ወደ መጠጥ ቤት ስለሚወጣ ተማሪዎች አይሰለቹም፤ ርዝመቱም ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ነው።

ስለ መቁረጡ፦ ሙሉ ጽሑፉ ወደ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። የሚቀነስ ነገር መኖሩ ካልቀረ፣ ሰውን የሚያስቀይመው ቢቀነስ ክፋት አይታየኝም።

የመድረክ ሰው

ልጄ፣ አትቁረጪው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ቅጂዎቹ።

እኔ በወጣትነቴ በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ መጋረጃ ሳቢ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚህችው ከተማ አዳራሾች ውስጥ መብራት በማብራት ነው። ከመብራት ሳጥኑ ኋላ የቆመ ሰው ተዋናዩንም ታዳሚውንም ያያል። ታዳሚ መቼ እንደሚሳል፣ መቼ ወንበሩ ላይ እንደሚቁነጠነጥ፣ መቼ ትንፋሹን እንደሚይዝ አውቃለሁ። የምነግርሽ ከዚያ ተነሥቼ ነው።

ተውኔቱ በመጋቢት 1959 ብሮድዌይ ላይ በኤትል ባሪሞር ትያትር ሲከፈት ደራሲዋ 28 ዓመቷ ነበር። ብሮድዌይ የጥቁር ሴት ድርሰት ሲያሳይ የመጀመሪያው ነው። አዘጋጁ ሎይድ ሪቻርድስም ጥቁር ነበር፤ ዋልተርን ሲድኒ ፖይቲየር ተጫወተው። 530 ጊዜ ታየ። የ1961ዱ ፊልም ከዚያው መድረክ አብዛኞቹን ተዋንያን ወሰደ፤ የፊልሙንም ጽሑፍ ራሷ ሃንስበሪ ጻፈችው። ፖይቲየር፣ ክላውዲያ ማክኒል፣ ሩቢ ዲ፣ ዳያና ሳንድስ፤ እነዚህን አራቱን በአንድ ክፍል ውስጥ ማየት ትልቅ ነገር ነው። እንግዲህ ፊልሙን አንቺ ራስሽ እዪው። ለልጆቹ ግን አታሳዪው።

ምክንያቴ ዊሊ ሃሪስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዊሊ ሃሪስ አንድ ጊዜ እንኳ መድረክ ላይ አይወጣም። ስሙ ይጠራል፣ ስልክ ይደወልለታል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ገንዘቡን ይበላል፤ ፊቱን ግን አናየውም። ባዶ እጁን መጥቶ መርዶውን የሚናገረው ሌላው ሸሪካቸው፣ ምስኪኑ ቦቦ ነው። ታዳሚ ሁሉ በዊሊ ሃሪስ ቦታ እርሱ የሚያውቀውን አጭበርባሪ ያስቀምጣል፤ በየቤቱ አንድ አለና። ፊልሙ ግን ሰውየውን አምጥቶ አሳየን። እናትየዋ የገዙትንም ቤት አሳየን፤ ቤተሰቡ ሄዶ ሲያየው እኛም አብረን አየነው። በጽሑፉ ቤቱን የምናውቀው በእናትየዋ አንደበት ብቻ ነው። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ስለ ግቢውና ስለ ጓሮው ሲያወሩ እንሰማለን፤ ልባችን ይሄዳል፣ ዓይናችን ግን አይሄድም። የተውኔቱ ጉልበት እዚያ ነው። የፔዳው ወንድማችን የ2008ቱን ካሜራው ስለሚወጣ ወደደው፤ እኔ ስለሚወጣ ነው የማልመርጠው። በር በተከፈተ ቁጥር የቤቱ ሙቀት ይወጣል። መጋረጃና መድረክ የሌላችሁ እናንተ ደግሞ ከማንም በላይ የማይታየውን ማሳየት ትችላላችሁ፤ የሚያስፈልገው ቃሉ ብቻ ነውና።

የ1989ኙን አሳያቸው። በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን «አሜሪካን ፕሌይሃውስ» በሚባለው ዝግጅት የቀረበው ነው፤ አዘጋጁ ቢል ዱክ፣ ዋልተር ዳኒ ግሎቨር፣ እናትየዋ ኤስተር ሮል። 171 ደቂቃ ስለሆነ ለሁለት ቀን ክፈዪው፤ እናትየዋ ቤት መግዛታቸውን ከነገሩ በኋላ ብታቆሚ ጥሩ ማረፊያ ነው። ይህ ሥራ ከቤቱ ብዙም አይወጣም። ግሎቨር ቁመተ ረጅም፣ ደንዳና ሰው ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሲንጎራደድ ግድግዳው ሲጠበው ይታያል። ፖይቲየር እንደ ነበልባል ነው፤ ግሎቨር ግን እንደ ታሰረ ሰው ነው የሚጫወተው፤ ለእኔ የዋልተር ቁስል በእርሱ ላይ ይበልጥ ይነበባል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ በመጀመሪያው የብሮድዌይ ዝግጅት ላይ ተቆርጠው የነበሩ ትዕይንቶች በ1989ኙ ተመልሰዋል። ሰዓት ረዘመ ተብሎ የወጣችው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጆንሰን አለች። የእኛ ሰው ይቺን ሴት ገና ስትገባ ያውቃታል፤ ቡና ሽታ የምትመጣ፣ ሁሉን የምትጠይቅ፣ ደስታሽንም ሐዘንሽንም ቀድማ የሰማች። እየሳቅንባት ሳለ ግን ጋዜጣ ይዛ መምጣቷን እናያለን፤ ነጮች ሠፈር በገባ ጥቁር ቤተሰብ ቤት ላይ ቦምብ መወርወሩን የሚናገር ጋዜጣ። እርሷን ካወጣሽ መጨረሻ ላይ ዕቃ ጭነው ሲወጡ ታዳሚው እሰይ ብሎ ያጨበጭባል፣ ወደ ምን እንደሚሄዱ ሳያውቅ። እርሷ ካለች ግን ያውቃል። በመስኮት ስለሚወረወር ነገር ሃንስበሪ የጻፈችው ከሩቅ ሰምታ አይደለም። አባቷ በ1937 እንደዚያ ባለ የቺካጎ ሠፈር ቤት ገዝተው፣ ረብሻውን ቤተሰቡ አይቶ፣ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 ረትተዋል። ፍርድ ቤቱ ግን የፈረደው በሥነ ሥርዓት ነጥብ ላይ ነበር፤ ለጥቁር አትሽጡ የሚለውን ውል ራሱን አልነካውም። ያ ውል በፍርድ ቤት እንዳይፈጸም የታገደው በ1948፣ በሌላ ሰው ጉዳይ ነው። አባትየው ሳያዩት ሞቱ።

ሌላው ደግሞ ዋልተር ልጁን ትራቪስን ከመኝታ በፊት አስቀምጦ ስለሚመጣው ሀብት የሚያወራለት ነው። አትክልተኛ ይኖረናል፣ መኪና ይኖረናል፣ ዓለምን በእጅህ አስጨብጥሃለሁ ይለዋል። ይህም ብሮድዌይ ላይ ተቆርጦ ነበር። ሰው ከምን ያህል ከፍታ እንደወደቀ ካልታየ መውደቁ አይሰማም።

እንግዲህ ወደ ሰካራሙ። ለእኚያ እናት እንዲህ በያቸው። ይህ ሰው በዚያች ቀን የተናገረው ሁሉ ንቀት ነው ያተረፈለት። ገና በመጀመሪያው ገቢር ትራቪስ ለትምህርት ቤት 50 ሳንቲም ሲጠይቅ እናቱ ሩት የለንም ትለዋለች፤ ዋልተር በአባትነት ኩራት 50 ሳንቲሙን ይሰጠዋል፤ ሌላ 50 ይጨምርለታል። ልጁ ከወጣ በኋላ ዋልተር ራሱ ለሥራ መሄጃ የሚሆን ሳንቲም ከሚስቱ ይለምናል። ይህ ሰው የራሴ የሚለው ምን አለው? የሰው መኪና ይነዳል፤ የሰው በር ይከፍታል። ሲሰክር ከውስጡ የሚወጣው ግን ከልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን የሰማው ቃል ነው። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ቃል ጥቁር አሜሪካውያን ከባርነት ዘመን ጀምሮ ተጽናንተውበታል፤ ሰብከውበታል። የጥቁሮች መሪ የነበረው የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር በ1920 ያጸደቀው መዝሙር ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር ብሎ ነው የሚጀምረው። ፋሺስት ኢጣሊያ ሲወረን በሃርለምና በቺካጎ ሰልፍ የወጡት የእነዚህ ሰዎች ዓይነት ቤተሰቦች ናቸው። ዋልተር ይህን ሁሉ ቢያውቅም ባያውቅም አፉ ያውቀዋል። የዳዊትን ቃል አያረክሰውም፤ ሌላ የሚይዘው ስለሌለው ነው የያዘው።

አሁን መጨረሻውን ተመልከቺ። ዋልተር የጦር አለቃ ሆኖ ሲፎክር ቤኒታን ሊያወጣት የመጣው ሀብታሙ ጆርጅ መርቺሰን በር ላይ ይደርሳል። ዋልተር እጁን ዘርግቶ «ጥቁር ወንድሜ» ይለዋል። ጆርጅ ያንቋሽሸዋል። ትዕይንቱ በተዘረጋ እጅ ጀምሮ፣ ማንም ባልጨበጠው የተዘረጋ እጅ ያልቃል! ይህን ነው ልትቆርጡ ያሰባችሁት።

ሳቁን አትፍሪው። ይሳቁ፤ ደራሲዋም እንዲሳቅ ነው የጻፈችው። ዋልተርን የሚያነበው ልጅ ግን ታዳሚውን ለማሳቅ አይሞክር፤ የሰካራም አረማመድ አይጨምር፣ ምላሱን አያስር። ሲገባ ጮክ ይበል፤ ወንድሞቹን የሚጠራበት ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ በእውነት ጦር ሜዳ ላይ የቆመ ይምሰል። እጁን ሲዘረጋ ጽሑፉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

የዘንዘልማ ልጅ

የጋሼን ሐሳብ አክብሬ በአንድ ነገር ልለይ። ይህ ተውኔት የዋልተር ብቻ አይደለም። እኔ የ2008ቱን ከእናቴ ጋር አይቼዋለሁ፤ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ እየተረጎምኩላት። ቤተሰባችን ከተማው ወደ ገጠሩ ሲሰፋ ከእርሻ መሬቱ ላይ ተነሥቶ የካሳ ገንዘብ ተከፍሎታል፤ ስለዚህ ፖስታ ቤት የሚያመጣው ገንዘብ አንድን ቤት ምን እንደሚያደርግ አስረጂ አያስፈልገንም። አንዱ ባጃጅ እንግዛ ይላል፣ አንዱ ቤት እንሥራ ይላል፣ አንዷ ኮሌጅ ክፈሉልኝ ትላለች፤ ሁሉም እውነት አላቸው። ገንዘቡ ሳይመጣ ተስማምተን ነበር የምንኖረው።

እናቴ ከሁሉ ያየቻት ሩትን ነው፤ በኦድራ ማክዶናልድ የተጫወተችውን። ሩት የምትፈልገውን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብላ አትናገርም። እንቁላል ትጠብሳለች፣ ልብስ ትተኩሳለች፣ ነፍሰ ጡር መሆኗን አውቃ ልጁን የት እንደምታሳድገው ታስባለች፤ ማስወረድ እስከማሰብ ትደርሳለች። እናትየዋ ቤት ገዛሁ ሲሉ ግን ያቺ ዝምተኛ ሴት ትፈነዳለች። እናቴ እዚያ ላይ «ይኸው፣ የእርሷም ሐሳብ ይኸው ነበር» አለች። ማክዶናልድም ለሩት በመድረኩ ሥራ ቶኒ ተሸልማለች፤ እንደሚገባት። ቼኩ ሲመጣ ራሻድ ወረቀቱን የምትይዝበት አያያዝም አለ፤ እናቴ «ሰውየውን ነው የያዘችው» ብላ ሻሿን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ስለዚህ መምህርት፣ የ1989ኙን ለሁሉም አሳይተሽ፣ ሩትንና እናትየዋን ለሚያነቡት ልጆች ግን ከ2008ቱ የቼኩንና የቤቱን ትዕይንት ለይተሽ አሳያቸው። የሩት ቃል ትንሽ ነው ብለሽ ለደካማ አንባቢ እንዳትሰጪው። ከሁሉ የበረታችውን ስጪያት፤ ሰው ሲናገር ማዳመጥ የምትችለውን።

ታሪክ ወዳድ

ሁለታችሁም ካላችሁት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኚያ እናት ይረዳ ይሆናል። የሎሬይን አጎት፣ የአባቷ ወንድም ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ ናቸው። በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት የአፍሪካን ታሪክ ያስተማሩ፣ በተለይ የጥንታዊት ኢትዮጵያን ታሪክ አጥብቀው ያጠኑ ምሁር ነበሩ። ይህን ያስተምሩ የነበረው አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ዘመን ነው። በ1934 የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤትን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፤ በ1964 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በአፍሪካ ጥናት ሸልሟቸዋል። ሎሬይን ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥር 1965 በ34 ዓመቷ አረፈች።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ስም በዚህ ተውኔት ውስጥ በአጋጣሚ የገባ እንግዳ አይደለም። ከደራሲዋ ቤት ሰው የኖረበት ነው። ቤኒታ ስለ አፍሪካ የምታውቀውን ያህል እናቷ አለማወቃቸው፣ አሳጋይ የሚያመጣላት ልብስ፣ በኋላም ተፈጥሯዊ ፀጉሯን ይዛ መውጣቷ፣ ሁሉም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። የፀጉሯም ትዕይንት ብሮድዌይ ላይ ቀርቶ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

መምህርት ከሽምብጥ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጋሼን መልስና የአጎቷን ነገር ለእኚያ እናት አነበብኩላቸው። ስለ አጎቷ ሲሰሙ ደጋግመው አስነበቡኝ፤ ከዚያ «የእኛው ሰው ናት በለኛ» አሉ። ትዕይንቱ ይቆያል። እንዲያውም ወይዘሮ ጆንሰንን እርሳቸው ሊያነቧት ፈቅደዋል። የ1989ኙን ለሁለት ከሰዓት ከፍለን እናያለን፤ ሩትን ለማን እንደምሰጥም አሁን ገብቶኛል፤ የዘንዘልማዋ እህቴ፣ ልክ ነሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ካርል ሊንድነር። ከነጮቹ ሠፈር ማኅበር ተልኮ መጥቶ ቤቱን መልሰን እንግዛችሁ የሚለው ሰው ነጭ ነው። እኛ ሁላችንም አንድ መልክ ነን። አንድ ተማሪ ፊቱን ዱቄት ልቀባ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ እኔ አልወደድኩትም። ታዳሚው ግን እንዴት ይለየው?

የመድረክ ሰው

ዱቄቱን ተዪው፤ ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት ይሳቅበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን የሚሰማው የለም። ሊንድነር ደግሞ መሰማት ያለበት ሰው ነው።

የ1989ኙን ስታሳያቸው ሊንድነርን ደኅና አድርገው ይመልከቱት። ጆን ፊድለር ይባላል። በ1959 ብሮድዌይ ላይ ሊንድነር የነበረው እርሱ ነው፤ በ1961ዱ ፊልምም እርሱ ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ በቴሌቪዥኑም እርሱ ነው። አጭር፣ ድምፁ ቀጭን፣ ትሑት የሚመስል ሰው። ቁጡ አይደለም፤ አይሳደብም። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚቀመጠው። ሰዎች ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ የማይፈታ ነገር የለም ይላል፤ ይህን ከእኛ ሽማግሌ አፍ ብትሰሚው ታመሰግኚዋለሽ። ቤተሰቡም መጀመሪያ እንግዳ መጣልን ብሎ ቡናና ቢራ ያቀርብለታል። የሚያስፈራው እዚያ ላይ ነው። ክፉ ነገር በጨዋ አንደበት ሲመጣ ሰው ዘግይቶ ነው የሚነቃው።

ስለዚህ ከልጆችሽ ውስጥ ሥነ ሥርዓት ያለውን፣ ለስላሳ አነጋገር ያለውን ምረጪ። ኮት ካለ ኮት ይልበስ፤ ቦርሳ ይያዝ። ሌሎቹ ሁሉ ጠረጴዛው ዙሪያ ሲቀመጡ እርሱ ከክፍሉ በር ይግባ፤ የእውነተኛውን የመማሪያ ክፍል በር አንኳኩቶ። የንባቡ መግቢያ ላይ አንባቢዋ «ነጭ ሰው፣ መካከለኛ ዕድሜ» ብላ ታንብብ፤ ታዳሚው ከዚያ በኋላ ራሱ ያየዋል። የቀረውን ቤተሰቡ ይሥራው፦ ሲገባ ዋልተር ወንበሩን የሚስብበት ፍጥነት፣ ሩት እጇን በሽርጧ የምትጠርግበት፣ ቤኒታ ከሁሉም ቀድማ የምትጠራጠርበት። ነጭነቱን የሚያሳዩት የእነርሱ ፊቶች ናቸው።

ሁለተኛ ሲመጣ ደግሞ፣ ዋልተር ገንዘቡን ሊቀበል ጠርቶት ማለት ነው፣ አንድ ነገር አደራ። ሩት ትራቪስን ወደ ታች ልትልከው ስትል እናትየዋ አይሆንም፣ እዚሁ ቆሞ አባቱ የሚያደርገውን ይይ ይላሉ። በንባብ ጊዜ ይህች ቃል በቀላሉ ታልፋለች፤ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አቀርቅሯልና። ትራቪስን የሚያነበውን ልጅ ከወንበሩ አስነሥተሽ በዋልተርና በሊንድነር መካከል አቁሚው። ወረቀት አይያዝ፤ ሊንድነር እዚያ ሳለ ምንም አይናገርም። ዋልተርም የመጨረሻ ንግግሩን ሲጀምር ወደ ሊንድነር አይይ፤ ወደ ልጁ ይይ። የዚህን ቦታ ልምምድ ከሌላው ሁሉ አስቀድሚ፤ ዋልተርን የሚያነበው ልጅ ያቺን ገጽ በቃሉ እስኪይዛት ድረስ።